ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት

እርሳስ ይዤ ወጣሁ፣ ላጲስ አለ ኪሴ፣
በጠመኔ ብናኝ የነጣ ቀሚሴ።
ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቁጥር አስተማሪ
ዛሬ በየደጁ ሆነች ሰው ቆጣሪ።

ሽምብጥ ከሐይቁ ጥግ፣ ደንገል ካበቃበት፣
ጉማሬ ሌሊቱን ሳሩን ካጨደበት፣
የቆርቆሮ አጥር፣ የተጣመመ በር፤
በጠመኔ ጻፍሁ፦ አርባ ሰባት ቁጥር።

እመት ይታክቱ ወጡ ከነበትራቸው፣
ገና አንገቴን ሰብሬ ሰላም ሳልላቸው፦
«ግብር ነው? መዋጮ? ወይ ቤት ልታፈርሱ?
ስማችንን ጽፈው ስንቶች ላይመለሱ!»

«የግብር አይደለም፣ ቤትዎም አይፈርስም፤
ከዚህ ወረቀት ላይ ወሬዎ አይፈስም።»

«ዳዊት ሕዝብ ቢቆጥር መዓት ወረደበት፤
ልጅም ሲቆጠር ነው ዐይን የሚያርፍበት።»

«እማማ፣ አምና ክረምት ክትባቱ ሲመጣ
መቶ ጠብታ አልቆ ሁለት መቶ ልጅ ወጣ።
ያ የጎደለው መድኃኒት ከሰማይ አልቀረም፤
ወረቀት ላይ የሌለ ልጅ
ሲታመም እንጂ ሲወለድ አይቆጠርም።»

ዝም አሉ። በርጩማ ጠረጉ በነጠላቸው ጫፍ፤
«እንግዲያው ካልሽማ፣ በይ ጀምሪ መጻፍ።»

ጥያቄው አጭር ነው፣ ቀላል የነበረ፦
«ትናንትና ሌሊት እዚህ ቤት ማን አደረ?»

«ልጄ እንየው እንኳ ቤቱ አላደረም፤
መረብ ጥሎ ውሃ ላይ ነው፣ ገና አልተመለሰም።
ውሃ ቤት ይባላል? ቀበሌ አለው ጣና?»
«የሚመለስበት ቤት ነው ቤቱ» አልሁና
ጻፍሁት፦ እንየው፣ ወንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣
ሥራው ዓሣ ማስገር፣ ቆሮሶ ካገኘበት።

ሚስቱን ደጊቱን ጻፍሁ፤ አራስ ናት፣ ከመጋረጃው ኋላ ታስላለች።
«ልጁስ?» ብል አማቲቱ እጇን አወዛወዘች፦
«ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ስም የሌለው ይጻፋል?»
«ዕድሜው ዜሮ ይባላል፣
ስሙም ‘ሕፃን’። ሰው ሆኗል፣ ይበቃል።»

እንትፍ፣ እንትፍ አሉ፣ በግራ በቀኝ፣
ከዚያ ሳቁ። «አራት ነን፣ ጨረስን፣ ልቀቂኝ።»

ቅጹን ላጥፍ ስል ከጓሮ ቢላ ፋቀ።
ማንጎው ሥር፣ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም
ክንዷ ላይ ተለጥፎ የደረቀ፣
አንዲት ልጅ ዓሣ ትገፋለች፣ ቀና ሳትል።
«እሷስ?» «እሷማ ሠራተኛ ናት።
አገሯ አቸፈር ነው፤ እዚያው ይቁጠሯት።»
«ትናንት የት አደረች?»
በትሩ መሬት ጫረ፣ ቆየት አለ።
«ከምድጃው ጎን ነው... እሱ እንኳ እውነት አለ።»

«ስምሽ?»
«አዝመራ።»
«ዕድሜሽ?» «እንጃ። ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው
እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች ይላሉ፤ ያ እኔን ነው።»
በጣቴ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ዐሥራ አራት።
«ትምህርት?» «ሦስተኛ ላይ ነው ያቆምኋት።»
እርሳሴ ትንሽ ቆመ። ሰኞ ስም ስጠራ
ስንት ወንበር ባዶ ነው፣ ስንት አለ አዝመራ?

«እትዬ፣» አለች፣ «እናቴም አገር ቤት
አስጽፋኝ ከሆነ፣ ልሆን ነው ሁለት?»
«አንድ ነሽ፣» አልኋት፣ «እዚህ ነሽ፣
ትናንት ጎንሽን ያሳረፍሽበት ነሽ።»
ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ መስመሩን ነካች፦
«ይኸ ነው እኔ?» ብላ ተጠጋች።

ከበሩ ሳልወጣ እመት ይታክቱ ጠሩኝ፦
«አምስት ነን በያቸው፣ አራት አትበሉኝ።»

ማታ ተቆጣጣሪው ቅጹን ገልጦ አሸተተና
«ይኸኛው ዓሣ ዓሣ ይላል» አለ፣ ፊቱን አዙሮ።
አምስተኛው መስመር ላይ
አንዲት ቅርፊት ነበረች፣
በመብራቱ የምታበራ።
አላነሣኋትም።